የእማዬ ፊት በሰው ስም ተመዝግቧል፦ የአሜሪካው ክስ ዝግጅት ማስታወሻ

መስከረም 9፣ 2018

ይህን የምጽፈው አንድም እንዳልረሳ፣ አንድም ንዴቴ እንዲበርድልኝ ነው። ትናንት ማታ ቨርጂኒያ ያለው አዲሱ ገዢያችን አንድ ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከጠበቃ የመጣ ነው። የምትሸጠው ሽሮና በርበሬ የደንበኛዬን የተመዘገበ የንግድ ምልክት ይጥሳል፣ በ14 ቀን ውስጥ ከመደርደሪያ አንሳ ይላል። ደንበኛው ማን ነው? የድሮው አከፋፋያችን። የንግድ ምልክት የተባለውስ? የእናቴ ስምና የእናቴ ፊት።

ለማታውቁን፣ ቤተሰባችን ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ አዘጋጅቶ ይሸጣል። እማዬ በጓሮ ጀመረችው፣ አሁን ወፍጮና ማሸጊያ ያለው ትንሽ ወርክሾፕ ሆኗል። የምርቱ ስም የእሷው ስም ነው። ፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ነጠላ ለብሳ ከተነሳችው የድሮ ፎቶ የተሣለ ነው። ከ2010 ጀምሮ ዋሽንግተን አካባቢ ላለ አንድ አከፋፋይ እንልክ ነበር። ውል የለንም። ሐበሻ ለሐበሻ ምን ውል ያስፈልገዋል ብለን። (ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።) በ2015 ትእዛዙ ሳሳ፣ በ2016 ቆመ። «ገበያው ቀዝቅዟል» አለን፣ አመንነው።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ አየ። ገበያው አልቀዘቀዘም። የእማዬ ፊት መደርደሪያ ሞልቷል። እኛ ግን ለዚያ ሰው ከተላከ ድፍን ሁለት ዓመት አልፎናል።

መስከረም 11

መዝገቡን አየሁ። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። ስሙን በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ሞከርኩ፤ የእማዬ ስም «ጸ» ስላለበት ፈረንጅ በምን እንደሚጽፈው አይታወቅም። በሦስተኛው ወጣ። ማመልከቻው፣ ከመርማሪው ጋር የተጻጻፉት፣ የገቡት ፎቶዎች፣ ሁሉም ይታያል።

ማመልከቻው የገባው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ምድብ 30፣ ማለትም ዱቄትና ቅመማ ቅመም ያሉበት ክፍል። ሴፕቴምበር 29 ለተቃውሞ ወጣ። ተቃዋሚ ካለ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ ወይም የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ አለበት። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2013 መሆኑ ነው። ያኔ በኮቪድ ምክንያት ሠራተኛ በፈረቃ እያስገባን ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በስማችን የወጣ ማስታወቂያ ሊታየን ቀርቶ የራሳችንን ደጅ አናይም ነበር። ዲሴምበር 15፣ 2020 ተመዘገበለት።

ሁለት ነገር ግን ዓይኔ ውስጥ ገባ። ምልክቱ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ለንግድ የዋለበት ቀን ብሎ የሞላው ሚያዝያ 2010 ላይ ይወድቃል። የእኛ የመጀመሪያ ጭነት የደረሰበት ሳምንት! ናሙና ብሎ ያስገባው ፎቶም የራሳችን ፓኬት ነው። አጉልቼ አየሁት። ከታች የእኛ ማሽን የሚመታው የምርት ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ሳላውቅ ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁት።

መስከረም 14

የኢትዮጵያውን የምዝገባ የምስክር ወረቀት ከካዝና አወጣሁ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተሰጠ ነው፣ ሰባት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። የእኛ በጊዜው ታድሷል። ይዤው ስሄድ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የማውቀው የሕግ ባለሙያ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ይኼ እዚህ ነው የሚሠራው» አለኝ። የንግድ ምልክት መብት በየአገሩ ነው። አዲስ አበባ መመዝገብ ሜሪላንድ ውስጥ ሰው አያስቆምም። ሆኖም ስሙንና ሥዕሉን ማን እንደፈጠረው ያሳያልና ለማስረጃነት አልጣለውም።

ዘመድ ሁሉ ሐሳብ ይሰጣል። አንዱ «የጤፉን ሆላንዳዊ ያሸነፍነው እኮ እንዲህ ነው» ይላል። ያ ጤፍ ላይ የተያዘ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ የጣለው፤ ከእኛ ጋር አይገናኝም። የሚቀርበው የቡናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ማኅበር እነዚህ የተለመዱ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው ብሎ ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ ቡና ኩባንያ «ሲዳሞ» ያለበትን የራሱን ስም ቀድሞ አስገብቶ ነበር፤ የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2007 ስምምነት ተፈረመ። ያ ሁሉ ጩኸት ሁለት ዓመት ከምናምን ፈጀ፣ ያውም መንግሥት ሆኖ። እኛ ደግሞ ሦስት ወፍጮ ነን። ይሁን እንጂ የእኛ የቦታ ስም አይደለም። የአንዲት ሴትዮ ስምና ፊት ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

መስከረም 20

የመስቀል በዓል አለፈና ከጠበቃዋ ጋር ተነጋገርን። ወንድሜ ያገኛት የአሜሪካ ፈቃድ ያላት የንግድ ምልክት ጠበቃ ናት። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ነዋሪነቱ ውጭ የሆነ ሰው ያለ አሜሪካ ጠበቃ እዚያ የንግድ ምልክት ቢሮ ፊት መቆም አይችልም። በቪዲዮ ነው፣ ለእኛ ማታ ሦስት ሰዓት።

መጀመሪያ የጠየቀችው የተመዘገበበትን ቀን ነው። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆጠረችና «ዲሴምበር 15 አምስት ዓመት ይሞላዋል» አለች። ከዚያ በኋላ «ቀድሜ የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ» ብሎ ምዝገባውን ማሰረዝ አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ መብት የሚመጣው ቀድሞ ከመጠቀም ነው፣ ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ግን ለዚህ ክርክር ሰዓት ተቆርጦለታል። በእኛ ታኅሣሥ 6 ማለት ነው። የቀረን ሁለት ወር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ደብዳቤው ለቨርጂኒያው ሰው ሌላ ስድስት ወር ዘግይቶ ቢደርሰው ኖሮ አልቆልን ነበር።

ቀጥላ ለሰውዬው እንዳትጽፉ፣ እንዳትደውሉ አለች። እኔ በቴሌግራም ልሰድበው አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁለት ገጽ የሚሞላ። ብናስፈራራው እሱ ቀድሞ በሚመቸው ፍርድ ቤት «መብቱ የእኔ መሆኑ ይታወጅልኝ» ብሎ ሊከሰን ይችላል፣ ያን ጊዜ ሜዳውን የሚመርጠው እሱ ነው። ስድቡን አላጠፋሁትም። ረቂቁ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስተኛው፣ ምንም ነገር እንዳይሰረዝ። ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ቫይበር፣ ደረሰኝ፣ የሚያሳፍረውም ጭምር። እሺ አልኩ። ምን እንዳለ ሳላውቅ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በዚያው በቢሮው የንግድ ምልክት ችሎት የስረዛ አቤቱታ ማቅረብ፤ ለአንድ ምድብ 600 ዶላር ይከፈላል። ችሎቱ ምዝገባውን ይሰርዛል እንጂ ካሳ አይፈርድም፣ ሽያጭም አያስቆምም። ሌላው የፌደራል ፍርድ ቤት ነው፤ ካሳም እግድም አለው፣ ወጪው ግን ወርክሾፑን ሸጠን የሚበቃን አይመስለኝም። የመጀመሪያውም ቢሆን እስከ ውሳኔ ከተካሄደ ለጠበቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል። ስረዛውን መረጥን። ምዝገባው ከተነሳ ቢያንስ ሰውዬው ምልክቱን በአሜሪካ ጉምሩክ አስመዝግቦ የራሳችንን ዕቃ ወደብ ላይ የማስያዝ ዕድሉ ይዘጋል። ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ጥቅምት 3

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ለቀማ።

በሕጋቸው አምራችና አከፋፋይ ያለ ውል ከተጣሉ ምልክቱ የአምራቹ ነው ተብሎ ይገመታል። ግምት ነው እንጂ ያለቀ ነገር አይደለም፣ አከፋፋዩ ተቃራኒውን ማስረዳት ይችላል። የሚታየው ስሙን ማን ፈጠረው፣ ፓኬቱ ላይ መጀመሪያ ማን ለጠፈው፣ የማን አድራሻ ተጻፈበት፣ ጥራቱን ማን ይቆጣጠራል፣ ደንበኛ ሲከፋው ለማን ይደውላል፣ ማስታወቂያውን ማን ከፈለ የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ወረቀት መገኘት አለበት።

የ2010ን ፋይል ያገኘሁት ኮርኒስ ላይ፣ የበርበሬ ጆንያ ሥር ነው። ግማሹ ቀይ ሆኗል። ኮሜርሻል ኢንቮይስ አለ፣ ፓኪንግ ሊስት አለ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለ፣ ከንግድ ምክር ቤት የወሰድነው የሥሪት አገር ሰርተፍኬትም አለ። የመጀመሪያው ጭነት ኤርዌይ ቢል (የአየር ጭነት ሰነድ) ግን የለም። ትራንዚተራችን ጋ ሄድኩ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፣ ቢሮውን ልጃቸው ይዞታል፣ «የድሮውን ጥለነዋል» አለኝ። ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ቡና አስፈልተው ጠበቁኝ፣ ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎትተው አወጡ፣ መነጽራቸውን ፈለጉ (ግንባራቸው ላይ ነበር)፣ በደንበኛ ስም በክር የታሰረ ፋይል ሰጡኝ። ኤርዌይ ቢሉ ውስጥ ነው። ሚያዝያ 2010፣ 480 ኪሎ፣ በእቃ መግለጫው ላይ የምርቱ ስም ከነፊደሉ ተጽፏል። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ያልጠበቅሁት ማስረጃ ደግሞ ከኤፍዲኤ፣ ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ መጣ። አሜሪካ ምግብ የሚልክ ድርጅት እዚያ ይመዘገባል፣ ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፣ እያንዳንዱ ጭነት ከመድረሱ በፊትም ቅድመ ማስታወቂያ ይገባለታል። ይህን ሁሉ እንደ ጣጣ ነበር የማየው። አሁን ሲታይ ከ2010 እስከ 2016 አምራቹ እኛ መሆናችን በእነሱው መንግሥት ሲስተም ውስጥ ቀን በቀን ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ጥቅምት 8

ዛሬ መጥፎ ቀን ነው።

የድሮ ቴሌግራሜን ወደ ኋላ ሳነብ የጥር 2012 መልእክት አገኘሁ። እሱ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ስሙን ሌላ ሰው እንዳይወስደው አንድ ነገር ማድረግ አለብን፣ ወረቀቱን ልጨርሰው?» እኔ እንዲህ መለስኩ፦ «አንተው እዚያ ጨርሰው ወንድሜ፣ እኛ አናውቀውም።» ከመልእክቱ በኋላ የእጅ መጨበጫ ምስል ሁሉ አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ስልኩን አየሁት። ማንም አያውቅም፣ ጣቴን አንዴ ብነካው ይጠፋል። እሱ ስልክ ላይ ግን አለ፣ ደግሞም ቃል ገብቻለሁ። ላክሁላት። ጠበቃዋ አልተቆጣችም። እርግጥ ፈቅደዋል ብሎ ይከራከርበታል አለች። ግን ሙሉውን አንብቢው፤ «አንድ ነገር ማድረግ አለብን» ነው ያለው እንጂ «የእኔ ላድርገው» አላለም፣ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ብሎ ራሱ ወሰደው። እሱ ከሚያወጣው እኛ ቀድመን ብናወጣው ይሻላል። በተጨማሪ የእንግሊዝኛውን መለያና የምግብ ይዘት ሰንጠረዡን ያሠራው እሱ በገንዘቡ መሆኑን ነገርኳት። እሱም ይጻፍ አለች።

ጥቅምት 15

ወንድሜ ከሦስት ሱቅ ስድስት ፓኬት ገዛ። ደረሰኝ ከነቀኑ፣ መደርደሪያው ላይ እያለ ፎቶ፣ ከዚያ በፖስታ ታሽጎ ለጠበቃዋ። ሥዕሉ ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው፣ «የኢትዮጵያ ምርት» ይላል፣ የእኛ የምርት ቁጥር ግን የለም፣ የማሸጊያው ስፌትም ሌላ ነው። ሰባተኛውን ፓኬት ሰው ይዞልን መጣ። እማዬ ከፈተችው፣ አሸተተች፣ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። «ይሄ አተር ነው። ሽምብራ አልነካውም። ኮረሪማውስ የት ሄደ?» አለች፤ ከዚያ በእሷ ፊት ይሄን የሚበላ ሰው ምን ይላል ብላ ቀኑን ሙሉ ተከፍታ ዋለች። የምላስ ምስክርነት ችሎት እንደማይቀበል አውቃለሁ። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ጥቅምት 21

ዛሬ ነገሩ ተገለበጠ። ጠበቃዋ ከመዝገቡ አንድ መስመር ቀይ አስምራበት ላከች። ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ «በምልክቱ ላይ የሚታየው ስምና ምስል በሕይወት ያለን የተወሰነ ሰው አያመለክትም።» ሰውዬው ማመልከቻው ላይ የሰጠው ቃል ነው። አስር ጊዜ ሳነበው አልፌዋለሁ፣ የተለመደ ፎርም መስሎኝ።

ሕጋቸው በሕይወት ያለን ሰው ስም፣ ምስል ወይም ፊርማ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ በንግድ ምልክትነት መመዝገብ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ምዝገባ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ሊሰረዝ ይችላል፤ የአምስት ዓመቱ ገደብ አይነካውም። ዝነኛ መሆንም ግዴታ አይደለም፣ ሰውየው ከዚያ ንግድ ጋር በአደባባይ የሚታወቅ ከሆነ ይበቃል። እማዬ ባዛር ላይ ራሷ ቆማ ትሸጣለች፣ ፓኬቱ ጀርባ ላይ ታሪኳ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አከፋፋዩ በ2011 ራሱ በለጠፈው ማስታወቂያ «እማማ አዲስ አበባ በእጃቸው ያዘጋጁት» ብሏል። ወንድሜ ያንን ከነቀኑ ፎቶ አንስቶታል። ሰውዬው አላጠፋውም፣ ምን ታይቶት!

ለእማዬ ምሳ ላይ ነገርኳት። ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «ሞታለች ነው ያለው?» አለች። አይ፣ እንደሱ ሳይሆን፣ ምስሉ የማንም ሰው አይደለም ነው ያለው አልኳት። «እሱ ይብሳል» አለች።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከሁለት ዓመት በፊት ፊቱን ከፓኬቱ እናንሳው ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ዘመናዊ ዲዛይን፣ ቀለል ያለ ሎጎ ምናምን ብዬ ዲዛይነር ሁሉ አነጋግሬ ነበር። ታናሽ እህቴ ናት እንቢ ያለችው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሸሽቻለሁ።

ኅዳር 2

የእማዬን የምስክርነት ቃል ለማረጋገጥ ሰነዶች ማረጋገጫ ወረፋ ይዤ ግማሽ ቀን ቆምኩ። ሳልጨርስ ጠበቃዋ መልስ ሰጠች፣ አያስፈልግም። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው «በአሜሪካ ሕግ መሠረት በሐሰት ቃል ቅጣት እንደሚከተለኝ አውቄ» የሚለውን ቃል ጽፎ ቀን አድርጎ ከፈረመ ማኅተም አይጠየቅም። ሦስት ጊዜ አስደግሜ ጠየቅኋት። ያለ ማኅተም? ያለ ማኅተም። ለእኛ አገር ሰው የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ቃሉ በአማርኛ ተጻፈ፣ እማዬ በምትናገረው አማርኛ፣ ከዚያ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን አረጋግጦ የእንግሊዝኛውን አያያዘው። መጀመሪያ እኔ በእንግሊዝኛ ጽፌላት ትፈርም ብዬ ነበር። የማታነበውን እንዴት ትምላለች ተብሎ ተመለሰልኝ፣ ልክ ነው።

ኅዳር 9

ገንዘቡ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ላኪ ከሚያስገባው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን በዶላር መያዝ ስለሚችል ሒሳባችን ላይ ትንሽ አለ። ባንኩ የጠበቃዋን ኢንቮይስና የአገልግሎት ውል ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ውል ነበረን። አራት ቀን ፈጀ፣ ሄደ።

ከስረዛው አቤቱታ ጎን ምልክቱን በድርጅታችን ስም ለማስመዝገብም እናመለክታለን፣ 350 ዶላር። የእሱ ምዝገባ እስኪነሳ የእኛ ይንጠለጠላል፣ ግን ወረፋ ይዘናል። እዚህ ላይ ያላሰብነው ነገር መጣ። ያ ሕግ ለእኛም ይሠራል። ድርጅቱ ሌላ፣ እማዬ ሌላ ናት። እሷ በጽሑፍ ካልፈቀደች ልጆቿም የእሷን ፊት ማስመዝገብ አንችልም።

ወረቀቱን ይዤላት ሄድኩ። አንብቢልኝ አለች፣ አነበብኩ። «ካልፈረምኩ እናንተም ትከለከላላችሁ?» አዎ። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ገባኝ፤ ድርድር ነው። ሥዕሉ ይቀየርልኝ አለች። ያኔ ፎቶው ሲነሳ ታምማ ስለነበር ፊቷ ገርጥቷል፣ ሹሩባዋም አልተሠራም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ያንን እያየ ሽሮ ይገዛል። ይህን ለአንዳችንም ነግራን አታውቅም።

ለጠበቃዋ ጻፍኩላት። አሁን ሥዕሉ አንዲት መስመር እንዳይነካ አለች፤ ክርክሩ በዚያ ሥዕል ላይ ነው።

ኅዳር 16

ገባ። ለእኛ ማታ፣ ለእነሱ ጠዋት። 600ው ተከፈለ፣ የአቤቱታ ቁጥር መጣ። ቅድሚያ አጠቃቀማችን፣ የእማዬ ፈቃድ አለመኖሩ፣ በሐሰት የተሰጠው ቃል፣ ሦስቱም ገብተዋል፤ አቤቱታ አቅራቢዎቹ ድርጅቱና እማዬ ናቸው። ችሎቱ መዝገቡን ከፈተ፣ ሰውዬው መልስ ለመስጠት 40 ቀን አለው። ታኅሣሥ 6 ሊሞላ ሃያ ቀን ሲቀረው። የቨርጂኒያው ገዢ ጠበቃ ይዞ ለደብዳቤው መልስ ሰጥቷል፣ ዕቃው እስከዚያው መጋዘን ውስጥ ነው።

እማዬ ትናንት ፈረመች። ስሟን በትልልቁ፣ በ«ጸ»ው። ከፊርማው በፊት ግን እኔም አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ፣ እህቴ ምስክር ሆና፦ ችሎቱ በወሰነ በሳምንቱ ፎቶ ቤት እንሄዳለን፣ ሹሩባውን የምከፍለው እኔ ነኝ።